ተትቷል ያልነው ጉድጓድ

እኔ ተጠራጣሪ ሰው ነኝ። ሰው ደህና አደርሽ ሲለኝ ምን ፈልጎ ይሆን ብዬ ነው የምጀምረው። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «አንቺን ሳጠባሽ እንኳ አንድ ዓይንሽ አይከደንም ነበር» ትለኝ ነበር። በደርግ ዘመን ግን ይህ ጠባይ ከነውር አይቆጠርም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ ተመንጥሮ የቀረ ሰው የሌለበት ቤት ደግሞ በእኛ አገር ጥቂት ነበር። ስለዚህ ሮቤ ከተማ አስተማሪ ሆኜ ስቀጠር ጥርጣሬዬን እንደ ጥበብ ቆጥሬው፣ ኮራ ብዬበት ነበር የምኖረው።

የአባቴ መንደር ከጎባ በላይ፣ ወደ ሰነቴ አምባ ከሚያወጣው መንገድ ግራ በኩል፣ የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ነው። ከመንደሩ ጀርባ ያለው ኮረብታ ሆዱ ተቦርቡሮ ያለቀ ነው። ሐያ ይወጣበታል። ሐያ የምንለው ከብት የሚልሰውን ጨዋማ ግራጫ አፈር ነው። ላም ሐያ ካጣች ወተቷ ይነጥፋል፣ ጸጉሯ ይቆማል፣ ሜዳ ለሜዳ አጥንት እየፈለገች ታኝካለች። ያንን ኮረብታ ስንት ትውልድ እንደቆፈረው የሚያውቅ አልነበረም። ሰው ጎንበስ ብሎ የሚገባባቸው ሦስት አፎች አሉት፤ ውስጡ ግን አዳራሽ ነው፤ ጣሪያውን የያዙት ቆፋሪዎቹ ሆን ብለው የተዉዋቸው የአፈር ምሰሶዎች ናቸው። የትኛው ግድግዳ እንደሚቆፈር፣ የትኛው ምሰሶ እንደማይነካ የሚያሳየው አባቴ ነበር። ሥራውን ከአባቱ ነው የተቀበለው።

አሳዪ ይሁን እንጂ ባለቤት አልነበረም። ሐያ ባለቤት የለውም። አይሸጥም፣ አይከለከልም። ደም የተቃቡ ሰዎች ጉድጓዱ አፍ ላይ ቢገናኙ እንኳ ዱላቸውን መሬት አስቀምጠው ተራ ይጠብቃሉ። ሌላም ደንብ ነበር፤ የቆፈረ ሁሉ ለራሱ ከብት ከሚያወጣው ሌላ አንድ ቅርጫት ጨምሮ ያወጣና አፉ ላይ ይከምረዋል። ያ ክምር ቆፋሪ ለሌላቸው ነው፤ ለባልቴት ላሞች፣ መንገድ ለጎዳው መንጋ። በበጋ ከሀረና ቆላ የሚወጡ ከብቶች ክምሩን ከሩቅ ያሸቱትና እየሮጡ ይመጣሉ። እኔ በልጅነቴ ያ ክምር ጎድሎ አይቼ አላውቅም።

እንግዲህ አንድ ቅዳሜ የገበሬ ማኅበራችን ሊቀ መንበር ሮቤ ድረስ መጣ። ደግ ሰው ነው፤ ግን ከሊቀ መንበርነቱ በኋላ ሲናገር ግራና ቀኝ ማየት ልማድ ሆኖበት ነበር። ግራና ቀኝ አየና «ከአዲስ አበባ ሰዎች ሊመጡ ነው። ጉድጓዱን ማየት ይፈልጋሉ። ኦሮምኛ የሚያስተረጉም ታማኝ ሰው አዘጋጁ ተብለናል፤ አንቺን ብዬ ነው» አለኝ።

«ጉድጓዱን ለምን?»

«ለጉብኝት ነው ይላሉ።»

ሳቅሁ። የሚያስቅ ነገር ስላለው አልነበረም። ለጉብኝት ሶፍ ዑመር አለላቸው፤ ዋሻው ውስጥ ወንዝ የሚፈስበት፣ ፈረንጅ ሁሉ አፉን ከፍቶ የሚያየው። የእኛን የከብት አፈር ምን ብለው ይጎበኙታል?

በማግስቱ አባቴ ቤት ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። ቤቱ ያ ያደግሁበት ቤት አልነበረም። ከሁለት ዓመት በፊት «ለእናንተው ጥቅም ነው፤ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ፣ የቧንቧ ውሃ ይቀርብላችኋል» ተብሎ ሰው ሁሉ ቤቱን በገዛ እጁ አፍርሶ፣ በገመድ በተለካ መስመር ላይ ደጅ ለደጅ ተፋጦ እንዲሰፍር ተደርጓል። ቧንቧው እስካሁን አልመጣም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና ስለ እንግዶቹ ማንም ደህና ነገር አላሰበም። አንዱ ሽማግሌ «ማዕድን የመንግሥት ነው ተብሏል፤ ሊወርሱት ነው» አሉ። ሌላው «የለም፣ በዋሻ የተደበቀ መሣሪያ ነው የሚፈልጉት» አሉ። ሦስተኛው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ወጣቶቹ ሲቆፍሩ ቆጥረው ለዘመቻ ሊወስዷቸው ነው» አሉ። ሦስቱም በዚያ ዘመን ሊሆን የሚችል ነገር ነበር።

መላውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ማንም አልጠየቀኝም። «ተትቷል እንበላቸው። ከድሮ ጀምሮ ማንም አይቆፍረውም፣ ሐያው አልቋል እንበል። የሞተ ነገር ምን ያደርግላቸዋል? አይተውት ይሄዳሉ» አልኩ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩና «እሰይ!» አሉ። አባቴ ብቻ ከንፈሩን ነከሰ።

«በሐያ ላይ ይዋሻል እንዴ?» አለ።

«አባባ፣ እነሱ እውነቱን ይነግሩዎታል?» አልኩት።

ከዚያ በኋላ ያደረግነውን ሳስበው ዛሬም ያስቀኛል፣ ያሳፍረኛልም። ለአራት ቀን ከብት በዚያ በኩል እንዳያልፍ ተደረገ። አፉ ላይ ያለውን ክምር በቅርጫት ጠርገን ወደ ውስጥ መለስነው። የኮቴ ዱካውን በጽድ ቅርንጫፍ ጠረግነው፤ ሁለቱን አፎች በእሾህ ዘጋናቸው። አንዲት ብልህ ጎረቤታችን ደግሞ «ሰው በማይረግጠው ቦታ ሳማ ይበቅላል» ብላ፣ እጇን በጨርቅ ጠቅልላ ከአጥር ሥር ሳማ ከነሥሩ እየነቀለች አምጥታ በዋናው አፍ ዙሪያ ተከለችው። ሥራዋን ቆመን አደነቅን። እኔ እንዲያውም «ቲያትር ቤት ብትቀጠሪ ኖሮ» አልኳት።

ሰዎቹ በላንድሮቨር መጡ፤ ሦስት ናቸው። አለቃቸው ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ፣ ካኪ የለበሰ ሰው ነው። ከመኪናው ወርዶ ለሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ በሁለት እጁ እየጨበጠ፣ በተሰባበረ ኦሮምኛ «አካም ጅርቱ» ብሎ ደህንነታቸውን ጠየቀ። ትሕትናውን አልወደድኩለትም። የመንግሥት ሰው ሲቆጣ ቢያንስ የት እንደቆምን እናውቃለን፤ ሲሽቆጠቆጥ ግን ልቤ ይደነግጣል።

እግረ መንገዱን ሐሳቡን አስረዳኝ፤ እኔም ለአባቴና ለሽማግሌዎቹ አስረዳሁ። ሶፍ ዑመርን ሊያዩ ከወዳጅ ሶሻሊስት አገሮች የሚመጡ እንግዶች አሉ። የተፈጥሮ ዋሻ አይተው ይመለሳሉ። ሕዝቡ በጉልበቱ፣ በዶማው የሠራውን ግን የሚያሳያቸው የለም። በየአገሩ ሰው መቆፈር የተወባቸው የድሮ ማዕድን ሥፍራዎች ተጠብቀው የሥራ ታሪክ ይታይባቸዋል፤ እሱም እንዲህ ያለ ቦታ ነው የሚፈልገው። ሲናገር ዓይኑ ያበራል። «የጭቁኑ ሕዝብ የጉልበት ታሪክ ነው፣ ጓድ መምህርት» ይለኛል። ወሬው ሁሉ ለእኔ ከሊቀ መንበሩ ስብሰባ የተገለበጠ መሰለኝ።

ባትሪ ይዞ ገባ። አባቴ ምሰሶዎቹን እያሳየ ከፊት ይመራል፤ እኔ ከኋላ ነኝ። ሰውዬው በሜትር ይለካል፣ በወረቀት ይስላል፣ ግድግዳውን በመዳፉ ይዳብሳል። አንድ ቦታ ላይ ቆመ። የዶማው ምልክት ያለበት አፈር እዚያ ጋ እርጥብ ነበር፤ ከአራት ቀን በፊት የተቆፈረ ነው። ባትሪውን እዚያው አቆየና አለፈ።

ከወጣን በኋላ ዋናው አፍ ላይ ቁጭ ብሎ ጉልበቱን አራገፈ። ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። ሳማው ጠውልጎ አንገቱን ደፍቷል። ሰውዬው በመሐረቡ ይዞ አንዱን ሳብ ሲያደርገው፣ ከነሥሩ፣ ከነአፈሩ ያለ ምንም ትግል ተነስቶ መጣለት። ሳማውን አየ፣ ቀጥሎ እኔን አየኝ። ያቺ ጎረቤታችን ከሰው ኋላ ሆና ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

አልተቆጣም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቀስ ብሎ ነው የተናገረው። «ጓድ መምህርት፣ አንድ ነገር በደንብ ንገሪያቸው። የሚሠሩበት ከሆነ እኛ አንነካውም። ሌላ ቦታ እንፈልጋለን። እኛ የምንፈልገው የተተወውን ነው። እውነቱን ብቻ ይንገሩኝ።»

አሁን ሳስበው ከዚያ የበለጠ ግልጽ ነገር ምን ሊናገር ይችላል? ያን ጊዜ ግን ጭንቅላቴ ውስጥ የደወለው ሌላ ነው። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት። እንሠራበታለን ካልን፣ ዋሽታችኋል ብሎ ይይዘናል፤ ከዚያ ማን ይቆፍራል፣ ስንት ያወጣል፣ በማን ፈቃድ ይላል። ሳማውን ያየ ሰው «አንነካውም» ቢል እሺ ብሎ የሚያምነው ማነው? ወጥመድ ነው አልኩ። እርግጠኛ ነበርኩ፤ በዕድሜዬ እንደዚያ እርግጠኛ የሆንኩበት ቀን ጥቂት ነው።

ወደ አባቴ ዞርኩና በኦሮምኛ «መቼ እንደተተወ ይጠይቃል» አልኩት። በቃ፣ ይህን ብቻ።

አባቴ ቀና ብሎ አየኝ። ቀጥሎ «በአባቴ ጊዜ ነው የቀረው በዪው» አለ።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ሰውዬው የነገርኩትን ጻፈ፤ ሊቀ መንበሩ ማኅተም መታበት፤ አባቴ አውራ ጣቱን በቀለም ነክሮ ፈረመ። ላንድሮቨሩ ከዓይን ሲጠፋ ሽማግሌዎቹ በሳቅ ፈነዱ። እንደ ጀግና መረቁኝ። በማግስቱ ክምሩ አፉ ላይ ተመለሰ፣ ከብቶቹም ተለቀቁ። እኔ ሮቤ ተመልሼ ለሁለት ወር ያህል ራሴን ሳደንቅ ከረምኩ።

ክረምቱ እንዳለፈ አንድ የጭነት መኪና ብረትና የሾህ ሽቦ ጭኖ መጣ። ኮረብታውን ከግርጌው ጀምረው በሦስት ቀን አጠሩት። በሩ ላይ ሰሌዳ ተከሉ። ሰሌዳው ይህ ቦታ በቀድሞው ዘመን ባላባቱ ጭቁኑን ሕዝብ በጅራፍ እየገረፈ ማዕድን ያስቆፍርበት የነበረ ቅርስ መሆኑን፣ ያለ ፈቃድ መግባትም ክልክል መሆኑን ይናገራል። ስለ ጅራፉ ማንም አልነገራቸውም፤ ከየት እንዳመጡት እግዜር ይወቅ። ለሽማግሌዎቹ ሳነብላቸው «የቱ ባላባት?» አሉኝ። ሐያ ለመቆፈር ባላባቱም ራሱ ተራ ይጠብቅ ነበር።

ጎባ ወርደን አመለከትን። የተቀበለን ሹም ያን መነጽር ያደረገውን ሰው አያውቀውም፤ ሰውዬውም ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛውሯል ተባልን። ሹሙ ከመሳቢያው ወረቀቱን አወጣና የአባቴን አውራ ጣት አሳየን። «ተትቷል ብላችሁ የፈረማችሁት እናንተ ናችሁ። ዛሬ እንቆፍራለን ትላላችሁ። ያን ጊዜ ነው አብዮቱን የዋሻችሁት ወይስ ዛሬ?» አለ። እኔ ይህን ስተረጉም ቃል አላስቀረሁም። ሽማግሌዎቹ ሳይሰናበቱ ነው ከቢሮው የወጡት።

እንግዳ የሚባል ነገር ደግሞ አልመጣም። በዓመቱ ውስጥ ሁለት ጊዜ መኪና ቆመ ሲባል ሰማሁ፤ ከሁለቱ አንዱም መንገድ ጠፍቶት የቆመ ነበር። የመጣው የዘበኛ ሥራ ነው፤ ለአባቴ። አንድ ረጅም ካፖርትም አብሮ ተሰጠው። እንቢ እንዲል ለመንኩት። «ምሰሶዎቹን የማያውቅ ሰው ቢያስገቡበት፣ አንድ ቀን ጣሪያው እንግዶቹ ላይ ይወርዳል። እኔ ልቁም» አለ። ቁልፉን ግን አልሰጡትም፤ ቁልፉ ሊቀ መንበሩ ዘንድ ነው፤ ጠዋት እሱ ከፍቶ ያስገባዋል፣ ማታ ከፍቶ ያስወጣዋል።

ያ ካፖርት አጠፋን። መንደሩ ጥርጣሬውን ከመንግሥት ላይ አንስቶ አባቴ ላይ አኖረው። ሸጦት ነው አሉ። ልጅቷ አስተርጓሚ፣ አባትየው ዘበኛ፤ ሲጀመር የተመካከሩበት ነገር ነው አሉ። መላውን ያመሰገኑት እነዚያው ሽማግሌዎች ናቸው ይህን ያሉት። ለቅሶ ቤት ሲገባ ቦታ የሚለቅለት ጠፋ። ያቺ ሳማ የተከለችው ጎረቤታችን እንኳ ሰላምታዋን አሳጠረች። አልፈርድባቸውም፤ በእነሱ ቦታ ብሆን ቀድሜ የምጠረጥረው እኔ ነበርኩ። እውነቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ ብዬ አምን ነበር፤ ያንን አፌ ላይ ያስቀረሁትን ዓረፍተ ነገር። ስንት ጊዜ ለአባቴ ልነግረው መንደር ሄጄ፣ ስንት ጊዜ ስኳርና ሳሙና አስቀምጬ ተመለስኩ።

በበጋው፣ ትምህርት ቤት ለአጋማሽ ዓመት ዕረፍት ሲዘጋ፣ ምሳውን ይዤለት ኮረብታው ድረስ ሄድኩ። ከሀረና በኩል መንጋ ሲወጣ አገኘሁ። ባለ ከብቱ በየዓመቱ የሚመጣ፣ የአባቴ የድሮ ወዳጅ ነው፤ ስለ ሽቦው የነገረው ሰው አልነበረም። ከብቶቹ እንደ ልማዳቸው ሽታውን ይዘው መሮጥ ጀመሩ። አባቴ ካፖርቱን ለብሶ በሽቦው ውስጠኛ በኩል ቆሞ ነበር። እጁን ዘርግቶ «ሃይ! ሃይ!» ይላል። ከብት ይህን አይሰማም። የፊተኞቹ ሽቦው ላይ ደረታቸውን ጣሉ፤ የኋለኞቹ ይገፏቸዋል። አንዲት ቀይ ላም አንገቷን በሾሁ መሃል አስገብታ፣ ደሟ እየወረደ፣ በምላሷ የምትደርስበትን ባዶ መሬት ትልሳለች።

ባለ ከብቱ ደርሶ አባቴን ከእግር እስከ ራሱ አየው። ካፖርቱን አየ። አልተሳደበም።

«ወንድሜ፣ ሐያ ይከለከላል እንዴ?» አለው።

አባቴ ላሟን ከሽቦው ለማላቀቅ ጎንበስ አለ፤ ሁለቱ ከውጭና ከውስጥ ሆነው አላቀቋት። ሰውዬው መንጋውን መልሶ ያን ሁሉ መንገድ ሲወርድ ቆመን አየነው። ከሁሉ የቀጠኑት ጥጆቹ ናቸው።

ምሳውን አልበላም። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል አብረን ወደ ቤት ጀመርን፤ ካፖርቱን አውልቆ ትከሻው ላይ ጥሎታል። እኔ ምስጢሩን ከዚያ በላይ መያዝ አቃተኝ።

«አባባ፣ ያ መነጽር ያደረገው ሰውዬ ያን ዕለት የተናገረው ሌላ ነገር ነበር። ሳልነግርዎት ቀርቻለሁ» አልኩት።

ከአባቴ ጋር የምናወራው ሁልጊዜ በኦሮምኛ ነው። ከእሱ አፍ አማርኛ ሰምቼ አላውቅም ነበር። እርምጃውን ሳያቋርጥ፣ ጥርት አድርጎ፣ በአማርኛ «የሚሠሩበት ከሆነ እኛ አንነካውም፤ ይህን ነው?» አለኝ።

መንገዱ ላይ ቆምኩ። እሱም ትንሽ ራመድ ብሎ ቆመ።

«ጎባ ገበያ ዕድሜዬን ሙሉ ስመላለስ አማርኛ አልሰማሁ መሰለሽ?» አለ፣ ወደ ኦሮምኛው ተመልሶ። «ሹም ፊት አላውቅም ማለት ይሻላል፤ ሰው ሲያስተረጉም ማሰቢያ ጊዜ ይገኛል። ሁላችንም እንዲያ ነው የምናደርገው።»

«ታዲያ ሰምተው ለምን እውነቱን አልነገሩትም?»

«አንቺ አላልሽኛ።» ካፖርቱን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዞረው። «ልጄ የተማረች ናት፤ የእነዚህን ሰዎች ነገር ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቃለች፤ ያስቀረችው ያየችው ነገር ቢኖር ነው አልኩ። አንቺን እኮ ነው ያመንኩት።»

ይህን ያለኝ ሊወቅሰኝ አልነበረም፤ ብጠረጥረውም ነቀፋ አጣሁበት። ተመልሶ መንገዱን ቀጠለ። እኔም ከኋላው ተከተልኩት።